አቅመ ደካማ አረጋውያንን የሚረዱ የተቀናጁ ፕሮግራሞች በእርግጥ ይሠራሉ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የሰበሰብኳቸው ጥያቄዎች እንግሊዝ አገር የሚሠሩ ነርሶች፣ የቤት ለቤት ተንከባካቢዎችና ወላጆቻቸውን የሚያስታምሙ ልጆች በየጊዜው የሚጠይቁኝ ናቸው። ሥራዬ ቁጥር መቁጠር ነው። አንድ ፕሮግራም «ሠራ» ሲባል እውነት ሠርቶ እንደሆነ አያለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«የተቀናጀ እንክብካቤ» ሲባል ምን ማለት ነው?

አንድ ቀን ከነርስ ጋር አንዲት የ84 ዓመት እናት ቤት ሄድኩ። ማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ፌስታል ሙሉ መድኃኒት ነበር። አንዱ የልብ ሐኪሙ ያዘዘላቸው ነው። ሁለተኛው የቤተሰብ ሐኪማቸው። ሦስተኛውን ከሆስፒታል ሲወጡ ነው የያዙት። ነርሷ ፌስታሎቹን ዘርግፋ ስትለይ አንድ ዓይነት እንክብል በሁለት ስም፣ በሁለት ካርቶን ተገኘ። እኚህ እናት ሁለቱንም ሲውጡ ከርመዋል። «ሁለቱንም ዶክተር ነው ያዘዘልኝ» አሉ። እውነታቸውን ነው።

ፍሪጁ ላይ ሰባት ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፏል። «ቢወድቁ ለማን ይደውላሉ?» አለቻቸው ነርሷ። «ለልጄ» አሉ። ልጃቸው የምትኖረው በባቡር አራት ሰዓት ርቃ ነው።

የተቀናጀ እንክብካቤ ማለት እነዚያን ሰባት ስልኮች አንድ ማድረግ ነው። የቤተሰብ ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ ፊዚዮቴራፒስቱ፣ ፋርማሲስቱና ሶሻል ወርከሩ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ስለ አንድ ሰው ይነጋገራሉ። አንድ ዕቅድ ያወጣሉ። ከመካከላቸው አንዱ ኃላፊነቱን ይወስዳል። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ የምትገኘው ቶርቤይ ይህን ሥራ ስትጀምር «ሚስስ ስሚዝ» የምትባል ምናባዊ አሮጊት ፈጠሩ። ስብሰባ ላይ ክርክር በተነሳ ቁጥር «ይህ ለሚስስ ስሚዝ ምን ይጠቅማታል?» ይባል ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው። የሚከብደው መሥራቱን ማረጋገጥ ነው።

«አቅመ ደካማ» የሚባለው ማነው? ዕድሜ ነው መስፈርቱ?

አይደለም። የ90 ዓመቱ ደረጃ ሲወጣ የ70 ዓመቱ ከወንበር ለመነሳት የሚያቃስትበት ጊዜ አለ። ሐኪሞች «ፍሬይልቲ» የሚሉት የሰውነት መጠባበቂያ ማለቁን ነው። ሌላውን ሰው ሦስት ቀን የሚያስተኛ ጉንፋን እነዚህን ሰዎች አልጋ ላይ ያስቀራቸዋል።

መለኪያው ብዙ ነው። አሜሪካዊቷ ሐኪም ሊንዳ ፍሪድና ባልደረቦቿ በ2001 አምስት ምልክቶች አስቀመጡ። ሳይፈልጉ መክሳት፣ ድካም፣ የእጅ ጭብጥ መላላት፣ እርምጃ መዘግየትና እንቅስቃሴ መቀነስ ናቸው። ሦስቱ ካሉ ሰውየው አቅመ ደካማ ነው። ካናዳዊው ኬኔት ሮክዉድ ደግሞ ሰውየውን አይቶና አነጋግሮ የሚሞላ ባለ ደረጃ ሚዛን አለው። እንግሊዝ ውስጥ የቤተሰብ ሐኪሞች ኮምፒውተር ከታካሚው ፋይል 36 ዓይነት ጉድለቶችን ለቅሞ ራሱ ነጥብ ያወጣል።

ለግምገማ ዋናው ነገር አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው መያዝ ነው። በመጀመሪያው ዓመት በጣም የደከሙትን፣ በሁለተኛው ዓመት ሻል ያሉትን ካስገባችሁ ውጤቱ ያማረ ይመስላል። የተለወጠው ግን በር ላይ የቆመው ወንፊት ነው።

«ሰዎቹ ፕሮግራሙ ውስጥ ከገቡ በኋላ የሆስፒታል ምልልሳቸው በግማሽ ቀንሷል። ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ?»

ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይህን ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ቆየት ልበል።

ጉንፋን ሲይዘን መጀመሪያ ዝም እንላለን። ሲብስብን፣ በአራተኛው ቀን ግድም፣ እናታችን ዳማከሴ ጨምቃ ትሰጠናለች። በሳምንቱ ይለቀናል። ምስጋናው የዳማከሴ ነው። ባንጠጣስ? ያው በሳምንቱ ይለቀን ነበር። ዳማከሴን ለማማት አይደለም። መድኃኒቱን የወሰድነው ሕመሙ ጫፍ በደረሰበት ቀን ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ በራሱ ቁልቁለት ነው ለማለት ነው።

ሰው እንዲህ ያለ ፕሮግራም ውስጥ የሚገባው መቼ ነው? በዓመት ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ድንገተኛ ከገባ በኋላ ነው። ማለትም በሕይወቱ ክፉ ዓመት ላይ። ከክፉ ዓመት በኋላ ብዙውን ጊዜ የተሻለ ዓመት ይመጣል። ይህን የስታቲስቲክስ ሰዎች «ወደ አማካይ መመለስ» ይሉታል። በ2005 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች የሆስፒታል መዝገብ አገላብጠው አዩ። ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በአንድ ዓመት ሁለትና ከዚያ በላይ ጊዜ በድንገተኛ የተኙ ሰዎች የዚያን ዓመት ድንገተኛ መተኛት 38 በመቶ የሚሆነውን ይዘው ነበር። በቀጣዩ ዓመት የነዚያው ሰዎች ድርሻ ከ10 በመቶ በታች ወረደ። ከአምስት ዓመት በኋላ 3 በመቶ ገደማ ሆነ። ይህ የታየው ያለ አንዳች ልዩ ፕሮግራም ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። አንድ ጊዜ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጬ አንድ ሥራ አስኪያጅ የሆስፒታል ምልልስ ቁልቁል ሲወርድ የሚያሳይ መስመር አሳየን። ተጨበጨበ። «ከዝርዝሩ ስንቶቹ በሕይወት አሉ?» ብዬ ጠየቅሁ። ማንም አልቆጠረም። የሞተ ሰው ሆስፒታል አይመጣም። መስመሩን ቁልቁል ከሚስቡት አንዱ እሱ ነው።

በጣም የታወቀው ማሳያ የአሜሪካው ካምደን ነው፤ ኒው ጀርሲ ያለችው ከተማ። ጄፍሪ ብሬነር የተባለ ሐኪም ሆስፒታል የሚመላለሱትን ሰዎች ፈልጎ፣ ነርስና ሶሻል ወርከር አስከትሎ ቤታቸው ድረስ የሚሄድ ፕሮግራም ጀመረ። አገር አወቀው፣ ተወደሰ። ሰዎቹ አረጋውያን ብቻ አልነበሩም፤ ትምህርቱ ግን ለኛም ይሠራል። የሚደነቀው ፕሮግራሙ ራሱ በዕጣ እንዲፈተን መስማማቱ ነው። ውጤቱ በጥር 2020 ታተመ። ተጠኚዎቹ 800 ነበሩ። እርዳታውን ያገኙትን ብቻ በፊትና በኋላ ካያችሁ ሆስፒታል መተኛት በ38 የመቶኛ ነጥብ ወርዷል። እሰየው ያሰኛል። ዕጣው ያልወጣላቸውም ግን ያንኑ ያህል ወርደዋል። በስድስት ወር ውስጥ ተመልሰው የተኙት ካገኙት 62.3 በመቶ፣ ካላገኙት 61.7 በመቶ ናቸው። ልዩነት የለም ማለት ነው።

ታዲያ ከማን ጋር ነው ማወዳደር ያለብን?

ከተቻለ ዕጣው ካልወጣላቸው ጋር። ዕጣ አድልዎ አያውቅም። የሚታየውንም የማይታየውንም እኩል ያካፍላል።

ዕጣ ካልተቻለ ተራ በተራ መጀመር ጥሩ ዘዴ ነው። አሥር ቀበሌ ቢኖር ሁሉም ፕሮግራሙን ያገኛሉ፤ ማን በመጀመሪያው ወር፣ ማን በአሥረኛው እንደሚጀምር ግን በዕጣ ይወሰናል። ያልጀመሩት ለጀመሩት መመዘኛ ይሆናሉ። ገንዘብና ሠራተኛ እንደሆነ አንድ ቀን አይደርስም፤ ስለዚህ ብዙ ሰው አያኮርፍም።

ይህም ካልሆነ ከኮምፒውተር መዝገብ መንትያ መፈለግ ነው። በዕድሜ፣ በበሽታ፣ ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ በመተኛት የሚመሳሰል ሰው ከሌላ አካባቢ ይፈለጋል። በለንደኖቹ ክሮይደንና ዋንድስወርዝ እንዲሁም በዴቨን የተሞከሩት «ቨርቹዋል ዋርዶች» የተገመገሙት እንዲህ ነው። ሐሳቡ ሰውየው ቤቱ ሆኖ እንደ ሆስፒታል ዋርድ በቡድን ይታያል የሚል ነበር። ከመንትዮቻቸው ጋር ሲወዳደሩ ድንገተኛ መተኛት አልቀነሰም።

የመንትያ ዘዴ አንድ ቀዳዳ አለው። መዝገቡ የማያውቀው ነገር ብዙ ነው። ሴት ልጃቸው ጎረቤት ትኑር፣ ባዶ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይዋሉ፣ ፋይሉ አይናገርም። እንዲሁም «ፕሮግራሙን አልፈልግም» ያሉትን ሰዎች ማወዳደሪያ አታድርጉ። እምቢ ያለ ሰው እሺ ካለው ይለያል። አንዳንዱ ጤነኛ ስለሆነ ነው እምቢ ያለው። ሌላው ደግሞ በሩን ለመክፈት እንኳ አቅም አጥቶ።

ለአንዱ ሰጥቶ ለአንዱ መንሳት ነውር አይደለም?

ቦታው 100 ሆኖ የሚፈልገው 300 ከሆነ ሁለት መቶው ያው አያገኝም። ጥያቄው ማን ይምረጥ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ስልክ ደጋግሞ የሚደውል ልጅ ያለው ሰው ነው። ከዚያ ዕጣው ይሻላል።

የእንግሊዝ ሙከራዎች ምን አሳዩ?

አንገት የሚያስደፋም የሚያስተምርም ነገር። በመጀመሪያ ከአሜሪካ የመጣው «ኤቨርኬር» የሚባለው አሠራር በዘጠኝ አካባቢዎች ተሞከረ። ልምድ ያላቸው ነርሶች የደከሙ አረጋውያንን እየዞሩ ያያሉ። በ2007 የታተመው ግምገማ ድንገተኛ መተኛትም ሆነ ሞት ላይ የሚታመን ለውጥ አላገኘም። መንግሥት ግን ውጤቱ ከመታተሙ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በአገር ደረጃ 3,000 እንዲህ ያሉ ነርሶች እንደሚሰማሩ አስታውቆ ነበር። ፈረሱ ከጋሪው ኋላ ሆነ።

ከ2009 ጀምሮ ደግሞ 16 የተቀናጀ እንክብካቤ ሙከራዎች (ፓይለቶች) በየአካባቢው ተጀመሩ። የተገመገሙት ከውጭ በመጡ ገለልተኛ ቡድኖች ነው። ሰውን በግል የሚከታተል ነርስ በተመደበባቸው ቦታዎች ድንገተኛ መተኛት ከማወዳደሪያው አንጻር በ9 በመቶ ጨመረ። አዎ፣ ጨመረ። በቀጠሮ መተኛት ግን በ21 በመቶ፣ የተመላላሽ ጉብኝት በ22 በመቶ ቀነሰ።

እኔን ከሁሉም በላይ ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። ሠራተኞቹ «ሥራችን ተሻሽሏል፣ ታካሚዎቻችን ተጠቅመዋል» ብለው መለሱ። ታካሚዎቹ ሲጠየቁ ከበፊቱ ያነሰ እንደሚሰሙ፣ የሚፈልጉትን ነርስ ማየት እንደከበዳቸው ተናገሩ። ዕቅዱ ስለ እነሱ ነበር፤ የተሠራው ግን ካለ እነሱ ነው። ስብሰባው ሲበዛ ባለ ጉዳዩ ውጭ ይቀራል። እኛስ ሽማግሌ ተሰብስቦ ሙሽራዋን ሳይጠይቅ ሲወስን አላየንም?

ድንገተኛ መተኛት መጨመሩ ውድቀት ነው?

ላይሆንም ይችላል። ነርስ ቤት ድረስ ሄዳ ስታይ ተደብቆ የኖረ ችግር ታገኛለች። የእግር ቁስል፣ ያልታወቀ የደም ማነስ፣ የሚያደናግር ትኩሳት። ወደ ሆስፒታል ትልካለች። ትክክል ነው የሠራችው። ግምገማው ግን እሷን «ቀይ» ይሰጣታል። ለዚህ ነው አንድ ቁጥር ይዞ መፍረድ የማይሆነው።

ስንት ጊዜ መጠበቅ አለብን?

ከምታስቡት በላይ። በካናዳ ኩቤክ «ፕሪዝማ» የሚባል ሥራ አለ። እኔ ለሰው የማሳየው እሱን ነው። በሬዣን ኤቤር የሚመራ ቡድን ሼርብሩክንና አካባቢዋን ይዞ ሠራ። ኤቤር ኋላ ላይ የኩቤክ የጤና ሚኒስትር ሆነ። አንድ መግቢያ በር፣ አንድ የመመዘኛ ቅጽ፣ አንድ የጋራ ፋይል፣ ለእያንዳንዱ ሰው ጉዳዩን የሚከታተል አንድ ኬዝ ማናጀር። አሠራሩ ያለባቸው ሦስት አካባቢዎች ከሌሉባቸው ሦስት ጋር ተወዳደሩ። ከ75 ዓመት በላይ የሆኑ 1,501 ሰዎች ለአራት ዓመት ተከታተሏቸው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የሚያወራ ነገር አልተገኘም። አሠራሩ 70 በመቶ ያህል ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ነው ልዩነቱ የመጣው። በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ከ1,000 ሰው 62 ያነሱ ሰዎች አቅማቸው ተዳክሞ ተገኘ። ያልተሟላ ፍላጎት በማወዳደሪያው አካባቢ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

እንግዲህ ይህ ፕሮግራም በ12ኛው ወር ቢገመገም ኖሮ ተዘግቶ ነበር። ገንዘብ ሰጪዎች ግን የሚወዱት 12 ወር ነው። በጀት ዓመቱ ያ ስለሆነ ብቻ።

ፕሮግራሙ «ለውጥ አላመጣም» ከተባለ ከንቱ ነበር ማለት ነው?

መጀመሪያ የሚጠየቀው «በእርግጥ ተሠርቷል ወይ?» ነው። ወጥ ሳይሠራ ጨው አነሰው አይባልም።

ወረቀቱ ላይ «ነርሷ በየሁለት ሳምንቱ ትጎበኛለች» ይላል። ነርሷ የወሊድ ፈቃድ ወጥታ የሚተካት አልተገኘም። ጉብኝቱ በዓመት አራት ሆነ። ኮምፒውተሮቹ አይነጋገሩም፤ የሆስፒታሉ አንድ፣ የሶሻል ወርከሩ ሌላ። የጋራ ዕቅድ የተባለው በኢሜይል የሚዞር የወርድ ፋይል ነው። ይህን ሁሉ የሚመዘግብ ሰው ከሌለ፣ መጨረሻ ላይ ሐሳቡ ይሁን አፈጻጸሙ የወደቀው አይታወቅም።

በትክክል ተሠርቶም ላይሳካ ይችላል። ኔዘርላንድስ ውስጥ በ12 የቤተሰብ ሐኪም ክሊኒኮች 346 አቅመ ደካማ አረጋውያን የተካተቱበት ጥናት በ2013 ታትሟል። ቡድኑ በደንብ ያያቸዋል፣ ዕቅድ ያወጣላቸዋል። የአካል ጉድለት ግን ከተለመደው እንክብካቤ ያነሰ አልሆነም። አንዱ ምክንያት እዚያ አገር «የተለመደው» ራሱ ጥሩ መሆኑ ነው ብዬ አምናለሁ። ከጥሩ በላይ መሻል ከባድ ነው።

የሚሠራ ነገርም አለ። ሆስፒታል ውስጥ የተኛን አረጋዊ በአረጋውያን ሐኪም የሚመራ ቡድን ከእግር እስከ ራሱ ሲያየው፣ ሕመሙን ብቻ ሳይሆን አካሄዱን፣ ትዝታውን፣ ስሜቱን፣ ቤቱን ጭምር፣ ውጤት አለው። በ2017 የ29 ጥናቶች ውጤት ተደምሮ፣ 13,766 ሰው ተካቶ፣ እንዲህ የታዩት ከወራት በኋላ በሕይወት ኖረው በገዛ ቤታቸው የመገኘት ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኗል። ሥራውን የጀመረችው እንግሊዛዊቷ ማርጆሪ ዋረን ናት፤ በ1935፣ ተስፋ የለውም ተብሎ አልጋ ላይ የተረሳውን ሁሉ አንድ በአንድ እያስነሳች።

ምን ምን እንለካ?

እኔ ብዙ መለኪያ አልወድም። አንድ ጊዜ አንድ አባት 14 ገጽ ቅጽ ሲሞሉ ገጽ ስምንት ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ከሆስፒታል መዝገብ አንድ ቁጥር ብቻ ብትመርጡ «ቤት ያደረባቸው ቀናት» የሚለውን ውሰዱ። ከዓመቱ 365 ቀን ሆስፒታል የተኙበትን፣ የአረጋውያን መጦሪያ የዋሉበትንና ከሞት በኋላ ያለውን ቀንሱ። ሞትን ስለሚቆጥር ያ ቁልቁል መስመር አያታልላችሁም። ሽማግሌም አሮጊትም ወዲያው ይገባቸዋል።

ከዚያ የቀን ተቀን አቅም። መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መሄድ፣ መጉረስ። የባርቴል መለኪያ ከ1965 ጀምሮ አለ፤ አሥር ጥያቄ ነው። በመጨረሻም ሰውየው ራሱ የሚፈልገው አንድ ነገር። «ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ መሄድ እፈልጋለሁ» ካሉ በስድስተኛው ወር ሄደዋል ወይስ አልሄዱም? ይኸው ነው።

እናቴን «በአገልግሎቱ ረክተዋል?» ቢሏት «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። ምን ተብሎ ይመዘገባል?

ይህን ጥያቄ የላከችልኝ ልጅ ሳቄን አመጣችው። ጠያቂው «በጣም ረክቻለሁ» ላይ ምልክት አድርጎ ሄደ አሉ። እናትየው ግን ከሦስት ሳምንት በፊት ወድቀው ወገባቸው ይዟቸዋል።

የኛ ሰው እንግዳ ፊት አያማርርም። ሻይ አፍልቶ፣ «እናንተንም እግዜር ይስጣችሁ» ብሎ ይሸኛል። ስለዚህ የእርካታ ጥያቄ ለሐበሻ አረጋውያን ከንቱ ነው ማለት ይቻላል። የተደረገውን ጠይቁ። «ባለፈው ሳምንት ስንት ሰው መጣ? ስማቸውን ያውቃሉ? መድኃኒቱ ለምን እንደሆነ የነገረዎት አለ? ሌሊት ቢያምዎት ለማን ይደውላሉ?» እነዚህ ላይ ይሉኝታ አይገባም።

አስተርጓሚ ደግሞ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ አይሁን። እናት ሽንት እንደሚያመልጣቸው በልጃቸው አፍ አይናገሩም። አስተርጓሚ ስላልተገኘ ብሎ አማርኛ ተናጋሪውን ከጥናቱ ማውጣትም ልማድ ሆኗል። ከዚያ ሪፖርቱ «ሁሉም ማኅበረሰብ ተጠቅሟል» ይላል። ማንን ጠይቆ?

ያቋረጡትንና የሞቱትን እንዴት እናድርግ?

ዝርዝሩ ውስጥ አስቀሯቸው። ዕጣው የወጣለት ሰው አንድ ቀን ብቻ ተጎብኝቶ ቢያቋርጥም ከቡድኑ አይወጣም። እስከ መጨረሻ የቆዩትን ብቻ መቁጠር ጠንካሮቹን ብቻ መቁጠር ነው።

የሚያስታምመው ቤተሰብስ ይቆጠራል?

መቆጠር አለበት፤ ብዙ ጊዜ አይቆጠርም። ሆስፒታሉ ሰውን ቶሎ ወደ ቤት ሲመልስ አልጋው ይለቀቃል፣ ወጪው ይቀንሳል። ያ ሥራ ግን አልጠፋም። ሴት ልጅየው ከሥራዋ ግማሽ ቀን ቀንሳ ይዛዋለች። ሪፖርቱ ላይ «ቁጠባ» የተባለው የሷ ደመወዝ ነው። የአስታማሚን ጫና የሚለካ አጭር መጠይቅ አለ። ሌላው ቢቀር «በሳምንት ስንት ሌሊት በደንብ ተኛሽ?» ማለት ይቻላል።

ገንዘብ ይቆጥባል?

ቶሎ አይቆጥብም፤ ጭራሽ ላይቆጥብም ይችላል። ዋልተር ሌውትዝ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1999 ማቀናጀት ከማትረፉ በፊት እንደሚያስወጣ ጽፏል። እስካሁን ያስተባበለው አላየሁም። በሞንትሪያል «ሲፓ» በተባለው ሙከራ ሰዎች በዕጣ ተመደቡ። የቤት እንክብካቤው ወጪ ጨመረ፣ የሆስፒታልና የመጦሪያው ቀነሰ፤ ድምሩ ግን እኩል ሆነ። እኔ ይህን እንደ መልካም ዜና ነው የማየው። በዚያው ገንዘብ ሰው ቤቱ ከዋለ ምን ይፈለጋል? ችግሩ ፕሮግራሙ የተሸጠው «ገንዘብ ያስቀራል» ተብሎ ከሆነ ነው። ያኔ እኩል መሆን ሽንፈት ይባላል።

ተመራማሪ የለንም። አምስት ሰዎችና አንድ ኤክሴል ነው ያለን። ምን እናድርግ?

ከመጀመራችሁ በፊት ስድስት ወር ወደ ኋላ መዝግቡ። ተራ የሚጠባበቁ ሰዎች ዝርዝር ካላችሁ ከሱ በዕጣ ምረጡ፤ በወረቀት ቁራጭም ይሆናል፣ ምስክር ይኑር። የሚጠባበቁትንም እኩል መዝግቡ። የእያንዳንዱን ጉብኝት ቀን ጻፉ፣ ያልተደረገውንም ከነምክንያቱ። ምን ካገኛችሁ «ሠራ» እንደምትሉ አስቀድማችሁ ጽፋችሁ ለአንድ የውጭ ሰው ስጡ። ውጤቱ ከመጣ በኋላ መለኪያ መምረጥ ቀስቱን ወርውሮ ዒላማውን መሳል ነው። ሰዎቹ 40 ከሆኑ ስለ ሆስፒታል መተኛት አትደምድሙ። ቁጥሩ ይዋዥቃል፤ አንድ ሰው ብቻ አምስቴ ቢገባ ሁሉን ይገለብጠዋል።

ኢትዮጵያ ውስጥስ ይህ ይሠራል?

መለኪያው እንዳለ አይሻገርም። መኪናና ገንዘብ ጠፍቶ ሆስፒታል የማይደርስ ሰው ባለበት ቦታ የሆስፒታል ምልልስ ማነስ የጤና ምልክት አይደለም። እዚያ ምልልሱ መጨመሩ ስኬት ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ስለ አረጋውያን ያወጣው መመሪያ ግን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የሚመጥን ነው። ሦስት ቃል ነግሮ ቆይቶ ማስታወስ፣ ክንድ አጣጥፎ ከወንበር አምስቴ በ14 ሰከንድ ውስጥ መነሳት፣ መክሳትና የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ማየት፣ መስማት፣ ስሜት። ማሽን አይጠይቅም። ወንበርና ሰዓት ይበቃል።

የአረጋዊቷ የልደት ቀን የተሳሳተ ይመስላል። ይህ ግምገማውን ይነካል?

በጣም። ውጭ አገር ካሉ አረጋውያኖቻችን የብዙዎቹ ወረቀት «ጃንዋሪ 1» ይላል። ያ ቀን የተጻፈው ቀኑ ስላልታወቀ ነው። የባሰው የአቆጣጠር ነገር ነው። በ1935 የተወለዱ እናት በኛ አቆጣጠር ከሆነ በፈረንጅ 1942 ወይም 1943 ናቸው። ጸሐፊው 1935 ብሎ እንዳለ ከገለበጠው ሰባት ስምንት ዓመት ጨመረባቸው። እንዲህ ባለ ስሕተት ለምሳሌ የ68 ዓመቷ ሴት የ76 ዓመት መንትያ ተፈልጎላት ትወዳደራለች። እሷ ጠንክራ ትታያለች፤ ፕሮግራሙም በነጻ ይመሰገናል። ስለዚህ ዕድሜን ከመዝገቡ ብቻ አትውሰዱ። «ጣሊያን ሲወጣ ተወልደው ነበር? ንጉሡ ሲወርዱ ስንት ልጅ ነበረዎት?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ መዝገቡን በእርሳስ አርሙት፤ ቤተሰቡ ኤምባሲ ሄዶ እስኪያስተካክለው ድረስ።